የአያት ጠመንጃ፦ ምን ዓይነት እንደሆነና ኦሪጅናል መሆኑን ራሳችሁ የምትለዩበት መንገድ

ጥያቄው ሁሌ ያው ነው። ከቢቸናም ከሞጣም ከቡሬም ከዳንግላም ፎቶ ይመጣልኛል፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ፣ ከሩቅ የተነሳ፣ ግማሹ ጨለማ፣ ከስሩ "ይሄ ምንድነው? ኦሪጅናል ነው? ስንት ያወጣል?" ይላል። ስንት ያወጣል የሚለውን አልመልስም። ሌሎቹን ሁለቱን ግን በስልክ እየደጋገምኩ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ጠያቂ ሲመጣ ይህንኑ ልስጠው ብዬ ነው። ብዙው ነገር እቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በሞባይል መብራትና በሜትር የምትጨርሱት ነው።

መጀመሪያ ኦሪጅናል ስንል ምን እያልን እንደሆነ እንግባባ። የሚያብረቀርቅ ማለት አይደለም። ከፋብሪካ ወይም ከጦር ግምጃ ቤት ሲወጣ የነበረው ክፍሉ፣ እንጨቱ፣ ልባሱ (የብረቱ የላይ ሽፋን) እና ማህተሙ ሳይቀየርና ሳይፋቅ ያለ ማለት ነው። ጠቁሮ፣ ተጫጭሮ፣ ሰደፉ ላይ መስቀል ተቀርጾበት ኦሪጅናል የሆነ አለ፤ ቫርኒሽ ተቀብቶ እንደ አዲስ የሚያበራ ሆኖ ግን ከሦስት ጠመንጃ የተሰበሰበም አለ።

የሚያስፈልጋችሁ እቃ

ጥሩ መብራት ያለው ሞባይል፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንድ ተራ የትምህርት ቤት እርሳስ፣ ነጭ ወረቀት፣ ነጭ ጠመኔ፣ ትንሽ ማግኔት፣ ንጹህ የጥጥ ጨርቅ (አሮጌ ካናቴራ ይበቃል)፣ የልብስ መኪና ዘይት፣ ትንሽ ነጭ ጋዝ፣ ቀጭን ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ፣ እና ስንጥር ቀርቀሃ። ቀርቀሃው የደረቀ ቆሻሻ ለማንሳት ነው፣ ብረት አይጭርም፣ ለእንጅባራ አካባቢ ሰው ደግሞ ደጁ ላይ ያለ ነገር ነው። ካሊፐር (የቀዳዳ ስፋት በሚሊ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው ካለ ተዋሱ፣ ከሌለም ችግር የለም።

አጠገባችሁ እንዳይደርሱ የምፈልጋቸው ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሞረድ፣ የድስት ማጠቢያ ሽቦ፣ ቫርኒሽ፣ መዶሻ። ካቻቢቴም ለጊዜው ቤት ይቀመጥ፣ ለምን እንደሆነ ታች ላይ እናገራለሁ።

ማስጠንቀቂያ፣ ይቺን ሳታነቡ ወደ ደረጃዎቹ አትለፉ

አሮጌ ጠመንጃ "ይሰራ ይሆን" ተብሎ አይተኮስበትም። ድሮ ለጥቁር ባሩድ የተሰራ ብረት አለ፣ በኋላ ዘመን ጭስ አልባ ባሩድ የሚሰጠውን ግፊት አይችልም፣ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ በዝገት የተበላም አለ፣ ሲፈነዳ ደግሞ የሚፈነዳው ከፊታችሁ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። ከጠመንጃው ጋር አሮጌ ጥይት ወይም ሙሉ ዝናር ካገኛችሁ አትፍቱት፣ አትቀጥቅጡት፣ እሳት ካለበት አርቃችሁ ለብቻው አስቀምጡና ለፖሊስ አሳውቁ። ልጆች ባሉበት ይሄን ስራ አትጀምሩ።

1. ወረቀቱን ጨርሱ

ያረጀ ስለሆነ ሕግ አይመለከተውም የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ተሳስቷል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ ማስቀመጥ ያስጠይቃል። ስለዚህ ያልተመዘገበ ከሆነ ለወረዳችሁ ፖሊስ በቃል ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ጠመንጃውን ተሸክማችሁ አትሂዱ፣ እነሱ አምጡ ሲሉ ብቻ ነው የሚወሰደው። አሁን ባለው የመንገድ ሁኔታ ደግሞ ጠመንጃ ይዞ ባለሙያ ፍለጋ መንከራተት ጭራሽ አይታሰብም፣ ጥሩ ፎቶ የሚሰራውን ስራ እንጠቀምበት። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ በስለት የገባ ከሆነም ያለ አስተዳዳሪውና ያለ ዕቃ ቤት ጠባቂው ፈቃድ አይነካም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ የተከለከለ ነው፣ ስለዚህ "ውጭ ያለ ሰው ይገዛኛል" የሚል ደላላ ቢመጣ በሩን አሳዩት።

2. ባዶ መሆኑን አረጋግጡ

"አባባ ከሞቱ ወዲህ የነካው የለም፣ ባዶ ነው" የሚለው ወሬ ማረጋገጫ አይደለም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አፈር አዙሩ፣ ጣታችሁ ቃታው አጠገብ አይድረስ፣ ማቀባበያውን (ጥይት ለማጉረስ የሚከፈተውን ብረት) ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ከዛ በዓይን ብቻ ሳይሆን በትንሿ ጣት የጥይት ማደሪያውን ዳብሱ፣ ምክንያቱም ጠቁሮ የከረመ ቀለህ (የጥይት ቅርፊት) ከጠቆረ ብረት በዓይን አይለይም።

ካዝና (ጥይት የሚደረደርበት ሳጥን) ያለው ከሆነ ካዝናውንም እዩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የፈረንሳዩ ለበን ጥይቱን የሚይዘው ከቱቦው (ጥይቱ ከሚወጣበት ረጅም ብረት) ስር እንጨቱ ውስጥ በተደበቀ ረጅም ቧንቧ ነው፣ እስከ 8 ጥይት ይይዛል፣ ከላይ ከፍታችሁ ባዶ ብትሉም እዛ ውስጥ ተደርድሮ ሊቀመጥ ይችላል። በአፈሙዙ የሚጎረስ የጥንት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከኋላ የሚከፈት ነገር የለውም፤ ፊታችሁን ከአፈሙዙ አርቃችሁ ከጎን ሆናችሁ የእንጨት ዘንጉን አስገቡ፣ አፉ ጋ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ አውጥታችሁ ከውጭ በኩል ቱቦው ላይ አስተኙት፣ ዘንጉ እስከ እሳት መግቢያዋ ቀዳዳ ካልደረሰ ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ማቀባበያው አልከፈት ካለ እንደ ጎረሰ ቁጠሩት። አትምቱት፣ አትታገሉት፣ እዚህ ላይ አቁሙና ከፖሊስ ጋር ተነጋገሩ።

3. ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ

ከመወልወል በፊት ፎቶ የሚነሳው ነጭ ጋዝና ጨርቅ የሚያጠፋው ምልክት ስላለ ነው። በግራና በቀኝ ሙሉውን፣ ከዛ ማቀባበያውን ተዘግቶና ተከፍቶ፣ አፈሙዙን ከፊት፣ የኋላና የፊት ማነጣጠሪያውን፣ የሰደፉን ሁለት ጎን፣ የሰደፉን ታች ብረት፣ እያንዳንዱን ጽሑፍ በቅርብ። ፍላሽ አጥፉና በር አጠገብ ጥላ ያለበት ቦታ አንሱ፣ ፍላሽ ብረት ላይ ሲያርፍ ነጭ አድርጎ ጽሑፉን ይበላዋል።

4. አከፋፈቱን አይታችሁ ዘሩን ለዩ

ስሙን ከሰፈር ሰው አትጀምሩ። አንዱ ቀበሌ ምንሽር የሚለውን ማዶ ያለው ሰው ሌላ ስም ሊሰጠው ይችላል፣ ብዙ ቦታ ማቀባበያ ያለው አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ በአንድ ስም ነው የሚጠራው። ብረቱ ግን አይዋሽም፣ የት ጋ እንደሚከፈትና ጥይት የት እንደሚቀመጥ ካያችሁ ግማሹን ጨርሳችኋል።

በቀኝ ጎኑ ትልቅ ውጫዊ መዶሻ ያለው፣ ከኋላ ያለችው የብረት ክዳን ወደ ቀኝ ተገልብጣ የምትከፈት ከሆነ ሰናድር ነው፣ እንግሊዝ። 14 ሚሊ ተኩል ገደማ የሚሆን ሰፊ አፍ አለው። መዶሻው አጠገብ ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ዘውድ፣ ዓመተ ምሕረትና የፋብሪካ ስም ፈልጉ።

መዶሻው በጎን ሳይሆን በመሀል ከሆነና እሱን ወደ ኋላ ስባችሁ ሁለተኛዋን ብረት ደግሞ ወደ ኋላ ስታንከባልሏት የሚከፈት ከሆነ ረሚንግተን ነው። አንዳንዱ ላይ የአረብኛ ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ለግብፅ ጦር የተሰራ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ የተለመደ ወጥመድ አለ፣ ከመዶሻው ኋላ ያለው የብረት ጭራ ላይ የተደረደሩት ዓመታት የተሰራበት ቀን አይደሉም፣ የፈጠራ መብት የተመዘገበባቸው ቀናት ናቸው።

በእጀታ የሚጠመዘዝ ማቀባበያ ኖሮት ካዝና የሚባል ነገር ጭራሽ የሌለው፣ አንድ በአንድ የሚጎርስ፣ አፉ 11 ሚሊ የሆነ፣ እሱ ውጅግራ ነው። የፈረንሳይ 1874 ሞዴል ግራ የሚባለው። እኛ ጋ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ስለሱ ነው። የእግረኛው ዓይነት እጀታ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ይወጣል፣ የአጫጭሮቹ ወደ ታች የታጠፈ ነው። በግራ ጎኑ የፋብሪካው ስም በፈረንሳይኛ ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ ሳንት ኤትየን ወይም ሻቴልሮ ወይም ቱል፣ ከስሩ የሞዴሉ ዓመት 1874፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ኤም 80 የሚል ተጨምሯል። ኤም 80ው በ1880 የተደረገ ማሻሻያ ነው፣ ቀለህ ቢቀደድ ጋዙ ማምለጫ እንዲያገኝ ውስጡ ቦይ ተቆርጦለታል። ተነካክቷል ማለት አይደለም፣ የጦር ግምጃ ቤት ስራ ስለሆነ ኦሪጅናልነቱን አይቀንስም። ስታየር የሚል ካለበትም አትደንግጡ፣ የኦስትሪያው ፋብሪካም ይሄንኑ ዓይነት ለግሪክ ሰርቷል።

እንጨቱ መሀል ላይ በብረት አካል ለሁለት የተከፈለ፣ 8 ሚሊ፣ ቅድም ያልኩት ድብቅ ቧንቧ ያለው ለበን ነው፤ 1886 የሚል ሞዴል ከግራ ጎኑ ይነበባል።

ማቀባበያው ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ተስቦ ቀጥ ብሎ የሚመለስ ከሆነ እውነተኛው ምንሽር እሱ ነው፣ የ1895ቱ ማንሊኸር። ካዝናው ከቃታው ፊት ወደ ታች ወጥቶ ይታያል፣ ስሩ ቀዳዳ አለው፣ ጥይቱ ሲያልቅ የጥይት ማሰሪያዋ ብረት በዛ ትወድቃለች። ከላይ ስታየር ወይም ቡዳፔስት የሚል አለው። ቱቦው ላይ ትልቅ የላቲን ኤስ ፊደል ካያችሁ በ1930ዎቹ ወደ ሌላ ዓይነት ጥይት የተቀየረ ነው፣ ይሄም ፋብሪካ የሰራው ስለሆነ ሕጋዊ ለውጥ ነው፣ ግን "እንደተወለደ ነው" ብላችሁ እንዳትናገሩ።

የሱ ዓይነት ወደ ታች የወጣ ካዝናና የስር ቀዳዳ ኖሮት ማቀባበያው ግን የሚጠመዘዝ፣ አፉ ደግሞ ቀጭን 6.5 ሚሊ የሆነው የጣሊያን 91 ነው፣ ካርካኖ። ቱቦው ከእንጨቱ በሚገናኝበት ኋላ ላይ ተርኒ፣ ብሬሺያ ወይም ሌላ የፋብሪካ ስም፣ ዓመትና ቁጥር አለ። ከሱ በፊት የነበረው ቬተርሊ ደግሞ 10.4 ሚሊ ነው፣ ከውጅግራ ጋር የሚያምታታ እሱ ነው፤ ካዝና ካለው ውጅግራ አይደለም በቃ።

10 ጥይት የሚይዝ ተነቃይ ካዝና፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ደፍጣጣ የብረት ቆብ የገጠመ፣ 7.7 ሚሊ ከሆነ የእንግሊዝ ሊ ኢንፊልድ ነው። ከማቀባበያው እጀታ ስር ያለውን የብረት ቀለበት በቀኝ በኩል እዩት፣ ዘውድ፣ የንጉሡ ስም ፊደላት፣ ፋብሪካና ዓመት በቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ካዝናው ከእንጨቱ ጋር እኩል ሆኖ ያልወጣ፣ 5 የሚይዝና 7.92 ሚሊ ከሆነ ሞዘር ነው፤ በግራ ጎኑ ኤርስታል የሚል ካለው የቤልጅጉ ኤፍ ኤን። ከእነዚህ ውስጥ ለኢትዮጵያ መንግሥት ታዘው የይሁዳ አንበሳ የታተመባቸው አሉ።

ጽሑፉ ጨርሶ የሌለው፣ ወይም ፊደሎቹ ተንጋደው አንዱ ጠልቆ አንዱ ሳስቶ የተመታ ከሆነ የአገር ቤት ቀጥቃጭ ስራ ሊሆን ይችላል። እሱም ራሱን የቻለ ዕቃ ነው፣ ግን የፋብሪካ አትበሉት።

5. ለኩ

ርዝመቱን ከአፈሙዝ ጫፍ እስከ ሰደፍ ታች ለኩ። ሙሉ ውጅግራ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ገደማ ነው፣ ለበንም እዛው አካባቢ፣ ረጅሙ ካርካኖ 1 ሜትር ከ28፣ ረጅሙ ማንሊኸር 1 ሜትር ከ27፣ አጭሩ ሊ ኢንፊልድ 1 ሜትር ከ13። ባዶነቱ ተረጋግጦ ማቀባበያው ሲዘጋ ዘንጉን በአፈሙዝ እስከሚነካ አስገብታችሁ የቱቦውን ርዝመት ለብቻው ያዙ፤ ለውጅግራ 82 ሳንቲ ነው።

ይሄ ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ ለመሸከም እንዲመች እየተባለ የተቆረጠ ብዙ ነው። ግን አጭር ሁሉ የተቆረጠ አይደለም፣ ፋብሪካው ራሱ የመድፈኛ ውጅግራ 99 ሳንቲ አድርጎ ሰርቷል። መለያው አፈሙዙ ነው፦ የፋብሪካው ጠርዝ ክብ፣ ለስላሳና እኩል ነው፣ የመጋዙ ደግሞ የተንጋደደ ነው ወይም የሞረድ መስመር ይታይበታል። የፊት ማነጣጠሪያዋ በናስ ተበይዳ ወይም ወደ ጎን ዘንበል ብላ ካለች፣ የሳንጃ መያዣው ከሌለ፣ እጀታው ደግሞ እንደ ረጅሙ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ተቆርጧል።

ለአፉ ስፋት ካሊፐር ከሌላችሁ እርሳሱን አምጡ። ተራ እርሳስ ውፍረቱ 7 ሚሊ ገደማ ነው። ካርካኖ ላይ አይገባም፣ 8 ሚሊና በአካባቢው ያሉት ላይ ገብቶ ትንሽ ይላወሳል፣ ውጅግራ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የጣት አንጓ ያህል ብቻ አስገቡ፣ ተሰብሮ እንዳይቀር። ካርካኖ መሆኑ በጽሑፍ ተረጋግጦ እርሳሱ ግን ከገባ አፉ ተበልቷል ማለት ነው፣ ይሄንንም መዝግቡ።

6. ጽሑፉን አውጡ

የደበዘዘ ማህተም ለማንበብ መብራቱን ከላይ አታብሩበት፣ ቤቱን አጨልሙና ሞባይሉን ከብረቱ ጋር እኩል አስተኝታችሁ ከጎን አብሩ፣ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። አልሆነም? ጠመኔውን በጎኑ ለስለስ አድርጋችሁ እሹበትና ላዩን በጣት ጥረጉት፣ ነጩ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ወይ ወረቀት ጣል አድርጋችሁ በእርሳስ ቅዱት። በሚስማር ፊደሉን "ማጉላት" የሚባለውን ግን በጭራሽ፣ አንዴ የተጫረ ማህተም ለዘላለም አጠራጣሪ ነው።

አሁን ዓመቱ። ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት እዚህ ነው ማለት ይቻላል። ብረቱ ላይ ያለው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ 1916 የሚል ካለ በኛ 1908 ወይም 1909 ነው እንጂ በኛ 1916 የተሰራ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሞዴል ዓመትና የተሰራበት ዓመት ይለያያሉ፣ ውጅግራ ላይ 1874 ስላለ በ1874 ተሰራ ማለት አይደለም፣ የተሰራበትን ቱቦው ላይና ሰደፉ ላይ ነው የምትፈልጉት። ሦስተኛ፣ የጣሊያኖቹ ላይ ከዓመቱ ጎን የሮማ ቁጥር ልታዩ ትችላላችሁ፣ እሱ ከጥቅምት 1922 ጀምሮ የሚቆጠር የፋሺስት ዘመን ነው፤ 14 የሚለው የሮማ ቁጥር ከ1935 መጨረሻ እስከ 1936 መጨረሻ አካባቢ ያለውን ይይዛል። የውጅግራ ሳንጃ ካላችሁ ደግሞ እድለኛ ናችሁ፣ የስለቱ ጀርባ ላይ በእጅ ጽሑፍ ቅርጽ ፋብሪካው፣ ወሩና ዓመቱ ተጽፏል። ግን የሳንጃው ቀን የጠመንጃው ቀን አይደለም፣ ሳንጃ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል።

አንበሳ ላለው ሞዘር ተጨማሪ ጥንቃቄ። አንበሳ ስላለበት ዋጋ ስለሚጠራ በኋላ የሚቀርጹ አሉ። የፋብሪካው ማህተም መስመሩ እኩል ጥልቀት አለው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ልባስና እድሜ ከአካባቢው ጋር አንድ ነው። በኋላ የተቀረጸው ውስጡ ነጭ ያንጸባርቃል ወይ የመቅረጫው መንቀጥቀጥ ይታያል፣ አካባቢውም ተፍቆ ይበራል።

7. ቁጥሮቹን አመሳክሩ

ወረቀት ላይ ሁለት አምድ ሰርታችሁ ክፍሉንና ያገኛችሁበትን ቁጥር ጻፉ፦ ቱቦ፣ አካል (ማቀባበያው የሚገባበት ብረት)፣ ማቀባበያ፣ እንጨት፣ ቀለበቶች (ቱቦውን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት)፣ ማነጣጠሪያ። ፋብሪካው አንድ ላይ ያወጣቸው ክፍሎች ሙሉ ቁጥሩን ወይም የመጨረሻዎቹን አሃዞች ይጋራሉ። ሁሉም አንድ ከሆነ ብርቅ ነው። ማቀባበያው ብቻ ከተለየ የተለመደ ነው፣ ተነቃይ ክፍል ስለሆነ በየጦር ሰፈሩ ይቀያየራል። ቱቦና አካል ከተለያዩ ትልቅ ጥገና አለ።

ካርካኖ ማቀባበያ ላይ ቁጥር አጣሁ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ፋብሪካውም አልጻፈበትም፣ ቱቦውንና እንጨቱን ነው የምታመሳክሩት። ሊ ኢንፊልድ ላይ ግን የማቀባበያው እጀታ ጀርባ ላይ መኖር አለበት። ቁጥር ያለበት ቦታ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ካገኛችሁት የድሮው ተፍቆ አዲስ ተመትቷል፣ የአሃዞቹን ቅርጽ በተለይ 4ን፣ 7ንና 9ን ከሌላው ክፍል ጋር አስተያዩ።

8. እንጨቱና ብረቱ ተነክቷል ወይ?

ጣታችሁን እንጨትና ብረት በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ አስኪዱ፣ በተለይ ሰደፉ ታች። ያልተነካ እንጨት ከብረቱ ጋር እኩል ነው ወይ ትንሽ ከፍ ይላል። ብረቱ ወጥቶ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል። የፈረንሳዮቹ ሰደፍ ቀኝ ጎን ላይ ክብ ማህተም ነበረው፣ ፋብሪካ፣ ወርና ዓመት የያዘ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፣ ጥላው እንኳ ካለ በጎን መብራት ይታያል።

ሙሉ እንጨቱ ከዋንዛ ወይ ከወይራ እንደገና የተቀረጸም አለ። ያስታውቃል፣ የብረቱ ማደሪያ ልቅ ነው፣ ቀለበቶቹ አይገጥሙም፣ የመወልወያ ዘንጉ ቦይ የለም። ማግኔቱንም እዚህ ተጠቀሙበት፣ ጥቁር የተቀባ ቀለበት ማግኔት ካልያዘ ናስ ነው፣ ሌሎቹ ብረት ከሆኑ ደግሞ በኋላ የተተካ ነው።

አንገቱ ላይ በጠፍር የተጠመጠመ፣ በናስ ሽቦ የታሰረ፣ የባለቤቱ ስም ወይ መስቀል የተቀረጸበት ከሆነ አትንኩት። ከፋብሪካው አይደለም፣ ግን እዚህ አገር የኖረበትን የሚናገረው እሱ ነው፤ ጠፍሩም እርጥብ ሆኖ ታስሮ ሲደርቅ ስንጥቁን ጨምቆ የያዘ ስለሆነ ስትፈቱት አንገቱ ለሁለት ይሄዳል። ለኔ እንዲህ ያለው ከተወለወለው ይበልጥብኛል።

የብሎኖቹን አናት ተመልከቱ። የድሮ ብሎን መፍቻ ስንጥቁ ቀጭን ነው፣ የዛሬ ካቻቢቴ አይገጥመውም፣ አናቱ ከተበላና ከተሰነጣጠቀ ሰው ታግሎታል ማለት ነው። ካቻቢቴውን ቤት አስቀምጡ ያልኩት ለዚህ ነው፣ ለመለየት ምንም መፍታት አያስፈልግም።

ብረቱ ሁሉ ጥቁር መሆን አለበት ብላችሁም አታስቡ። የውጅግራ ማቀባበያ ከፋብሪካው ነጭ ብረት ሆኖ ነው የወጣ፣ ጥቁር ቀለም ከተቀባ እሱ ነው ችግሩ።

9. ጽዳት፣ በጣም ትንሽ

ቀይና የሚረግፍ ዝገት ሕያው ነው፣ መቆም አለበት። ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ጣት የማያቀላ ከሆነ ብረቱን የሚጠብቅ እድሜ ነው፣ ይተው። ቀዩ ላይ በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ አስቀምጡበትና አሳድሩት፣ በማግስቱ በቀርቀሃ ስንጥር እየገፋችሁ አንሱት፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ከዛ አንድ ሁለት ጠብታ የልብስ መኪና ዘይት በጨርቅ አድርጋችሁ ሳሳ አድርጋችሁ ቀቡ። ከእሳት ራቁ፣ ነጭ ጋዝ ነው። እንጨቱ ላይ ደረቅ ጨርቅ ብቻ፣ ውሃም ሳሙናም የለም።

ቅቤ አትቀቡ። ድሮ ይቀባ ነበር ይሉኛል፣ አዎ ይቀባ ነበር፣ በየቀኑ የሚወለወል ጠመንጃ ላይ። ተሰቅሎ በሚከርም ላይ ግን ቅቤው ይሻግታል፣ ብረቱን ይበላል፣ አይጥም ይጠራል። የኑግ ዘይትም እንዲሁ፣ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ሆኖ ማቀባበያውን ያጣብቀዋል፤ ከእኛ አካባቢ የሚመጡ አልከፈት ያሉ ጠመንጃዎች ላይ ያ ቢጫ ልጣጭ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነው።

10. ክረምቱን ማሳለፊያ

በቆዳ አፎት ውስጥ አታክርሙት። ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ ሲለፋ የገባበት ጨውና ቅመምም ብረት ላይ ይሰራል። አፎቱን ለብቻው አስቀምጡ። የጭቃ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ አይሰቀል፣ ከምድጃም በላይ አይሁን፣ ሙቀቱ እንጨቱን አድርቆ ይሰነጥቀዋል። አየር በሚገባበት ደረቅ ቦታ፣ ተቆልፎ፣ በጥጥ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ተሸፍኖ፣ አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ ይቁም፤ ወደ ላይ ከቆመ ዘይቱ እየወረደ የሰደፉን አንገት አብስብሶ ያለሰልሰዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም በየወሩ አንዴ አውጥታችሁ እዩት። ከእንጨቱ ቀዳዳ አዲስ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ነቀዝ እየበላው ነው፣ ከሌላ የእንጨት እቃ ለዩት።

11. የሚያውቀውን ሰው አስወሩ

ይሄንን መጨረሻ ያደረግኩት ብረቱን ካያችሁ በኋላ የምትጠይቁት ጥያቄ ስለሚለይ ነው። "አያ፣ ይሄ ጠመንጃ ከማን እጅ ነው የመጣ? ሰደፉ ሲሰበር ማን ጠገነው? ስንት ጥይት ይጎርስ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። "ይሄ የበላይ ዘለቀ ጦር ጠመንጃ ነው አይደል?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን መልሱን አፋቸው ውስጥ ከተታችሁት፣ አዎ ይሏችኋል። ድምጻቸውን ቅዱ፣ ቀኑን ጻፉ። ከዛ ታሪኩን ከብረቱ ጋር አስተያዩ፦ ዓድዋ ላይ የተማረከ ነው የተባለው ካርካኖ ቱቦው ላይ 1936 የሚል ካለው፣ ወይ ቱቦው ተቀይሯል ወይ ሁለት ጠመንጃ በአንድ ወሬ ተቀላቅሏል።

ደጋግሜ የማያቸው ሌሎች ስህተቶች

ሳይለዩ መወልወል፣ ይሄ አንደኛው ነው፣ "አጽድቼ ልላክልህ ብዬ" እየተባለ ማህተሙ ታጥቦ ይመጣል። የጎደለ ብሎን ወይም ቀለበት በብየዳ መሙላት፣ ጉድለት ጉድለት ሆኖ ቢቀር ይሻላል፣ ብየዳ የሚነቀል ነገር አይደለም። ከሁለት የተበላሸ አንድ ደህና ማድረግም እንዲሁ፣ ሁለት ታሪክ ያጠፋል። መለያ ቁጥሩን ሙሉውን በአደባባይ መለጠፍም አለ፣ ሌላ ሰው የኔ ነው ብሎ ወረቀት ሊያሰራበት ይችላል፣ ስትለጥፉ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በጣት ሸፍኑ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልለያችሁት ላኩልኝ፣ ግን አምስት ፎቶ ነው የምፈልገው፦ ሙሉው በቀኝ ጎን፣ ማቀባበያው ተከፍቶ፣ አፈሙዙ ከፊት (ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ)፣ ጽሑፉ በጎን መብራት፣ ሰደፉ በቀኝ። ከሜትር ልኬቱና ከእርሳሱ ውጤት ጋር። ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የተነሳውን አልቀበልም።